የፈኪ ምንውየለት «ቀ»

«አላውቅም» ማለት የሚያም የሚመስለው ሰው በየአገሩ አይጠፋም። ሳይጠይቁት ይመልሳል፤ ከጠየቁትማ እስኪመሽ አይለቅም። ጨርሶ የማያውቅ ቢሆን ስቀን በተውነው! ክፋቱ ግማሹን ያውቃል። ያላወቀው ግማሽ ደግሞ ሁልጊዜ የሚወድቀው በሌላ ሰው ራስ ላይ ነው።

በምዕራቡ ጠረፍ ቆላ፣ መንጌ ላይ ይህን ሹመት የያዙት ፈኪ ምንውየለት ነበሩ። ፈኪ የሚባለው ቁርአን የሚያስቀራ መምህር ነው። ምንውየለት ግን ከመተከል ደጋ የወረዱ፣ ዳዊት ደግመው ቅኔ ቤት ሳይገቡ በር ላይ የተመለሱ ክርስቲያን ናቸው። አገሩን ሊያስገብር ከወረደው ጦር ኋላ ጭነት እየነዱ መጡ፤ ጦሩ ሲመለስ እርሳቸው ቀሩ። የመንጌ ሰውም ፊደል የሚያውቅ ሁሉ ፈኪ ነው ብሎ ሾማቸው። ስማቸው ራሱ ይመሰክራል፤ «አላውቅም» ከምትባል ከአንዲት ቃል በቀር የሌላቸው ነገር የለም።

ምንም ይምጣ ምን፣ አገጫቸውን ያሻሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ «ይሄማ ግልጽ ነው!» ይላሉ። በአንዲት አህያ ታፋ ላይ የነበረ የእሳት ጠባሳ አንብበው የባለቤቷን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረዋል። ጁምዓ ለሰርጉ ባዕድ ጽሕፈት የተለጠፈበት ጠርሙስ ይዞ ሲመጣ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ መረመሩት።

«ይሄማ ግልጽ ነው! ሽቶ ነው፤ ነገሥታት የሚቀቡት።»

«ሽታው ግን...»

«የነገሥታት ሽታ እንዲህ ነው!»

ላምባ ነበር። የተቀባው ሙሽራ ሦስት ቀን እሳት አጠገብ እንዳይደርስ ተከልክሎ፣ ሙሽሪት ራቷን ብቻዋን በላች።

ዓዲላ ይህን ሁሉ ስቃ ታልፈው ነበር። ከእናቷ በወረሰችው የወንዝ መታጠፊያ፣ አሸዋ በገበቴ እያጠበች ወርቅ የምታወጣ ሴት ናት። አማርኛን የለቀመችው ከገበያ ነው፤ እሱና እሷ፣ እኔና እኛ አፏ ላይ ይደባለቁባታል። አንቱታን ግን አሳምራ ታውቃለች፤ ሰው መርጣ ነው የምታወጣው። ፈኪን «አንተ» ነበር የምትላቸው።

ክረምቱ ወጥቶ አሸዋው በተገለጠ ሰሞን አንድ ነጭ መሬት ለኪ መጣ። ባለ ሦስት እግር መነጽር ተክሎ ፀሐይና ኮከብ ሲያይ ሰነበተና፣ ሲሄድ በዓዲላ ቦታ ላይ ካስማ ቸክሎ ሄደ። ካስማው ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ በጥቁር ቀለም φ 10 20 የሚል ጽሕፈት። ሴቶቹ ገበቴያቸውን ጥለው ተሰበሰቡ። ፈኪ ተጠሩ። አገጭ ታሸ፣ ጉሮሮ ተጠረገ።

«ይሄማ ግልጽ ነው! መጀመሪያዋ የኛው ቀ ናት፤ ትንሽ ጎበጠች እንጂ። ቀ ማለት ቀረ። ወርቅ ማጠብ ቀረ።»

«ቀጥሎ ያለውስ?» አለች ኑራ የምትባል ጎረቤቷ።

«ይቺ ቀጥ ያለችው ዱላ ናት። ይቺ ክቧ እግር ብረት። ይቺ ደግሞ ተንበርክኮ ያቀረቀረ ሰው። መጨረሻው እንደገና እግር ብረት።»

ማንም አልሳቀም። በዚያ አገር ዱላና እግር ብረት ተረት አልነበሩም፤ ታስሮ ተነድቶ የቀረ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግር ነበር። እንግዲህ በእነዚህ ሰዎች ፊት ነው ሊቁ ምላሳቸውን የዘረጉት! ሰው ያላወቀውን ፊደል ቢዘለው ምን ይሆናል? ሰማይ ይወድቃል?

የዓዲላ ባል ሐመድ ኩርሙክ ካለ ኻዋጃ፣ ማለትም ከነጭ ነጋዴ፣ ጨው እየገዛ የሚያመላልስ ነው። እሱ የሚያውቀው የዐረብኛውን አኃዝ ሲሆን፣ በዚያ ዱላዋ አንድ፣ ክቧ አምስት ናት።

«አሥራ አምስት ነው» አለ፣ የኋለኞቹን ሁለት ምልክቶች ዘሎ። «ይቺ ፊተኛዋ ኻዋጃ ፊሊጶስ ጆንያው ላይ የሚያደርጋት ምልክት ናት። ኻዋጃው ወንዙን ይዞታል። በአሥራ አምስት ቀን ልቀቁ ነው የሚለው።»

በማግስቱ ሴቶቹ ዕቃቸውን በአህያ ይጭኑ ጀመር። ዓዲላ አልጫነችም። ውሃው ጎድሎ አሸዋው የሚታጠብበት ጊዜ አጭር ነው፤ ዛሬ የለቀቁትን ቦታ ነገ ሌላ ይይዘዋል። በገበቴዋ ጀርባ ላይ ምልክቶቹን በከሰል ገለበጠቻቸውና ሄዳ የፈኪን የነጠላ ጫፍ ያዘች።

«አንተ አንብቧል፣ አንተ ና። ኩርሙክ እንሂድ። ኻዋጃ እንጠይቅ።»

«ግልጽ የሆነ ነገር ምን ይጠየቃል?»

«ግልጽ ከሆነ አንተ ምን ፈራ?»

ሁለት ቀን ተጓዙ። ፈኪ ሁለቱንም ቀን ስለ ወፉ፣ ስለ ደመናው፣ ስለ ድንጋዩ አስረዱ። የፍየል ኮቴ አይተው «ነብር ነው» አሉ።

ኻዋጃ ፊሊጶስ ኩርሙክ ላይ ሱቅ የከፈተ ግሪክ ነው። ገበቴውን ገልብጦ ሲያይ ፊቱ በራ።

«ፊ!» አለ በዐረብኛ። «የስሜ መጀመሪያ ናት። ካስማው ግን የኔ አይደለም፤ ጨው እንጂ ወንዝ አልነግድም።» ከዚያ ወደ ሱቁ ጥግ ተጣራ። መሬት ለኪው ራሱ እዚያ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ኖሯል። እሱ ሲናገር ኻዋጃው አስተረጎመ፦ «በነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ፊ ማለት አንድ ቦታ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። የናንተ አሥር ዲግሪ ከሃያ ደቂቃ ነው።»

«ምድር ወገብ አላት?» አለች ዓዲላ።

«አላት።»

«እና ካስማው ምን ይላል?»

«ይህ ቦታ እዚህ ነው ይላል። ሌላ ምንም።»

ዓዲላ ለኪውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «መንጌ መንጌ መሆኗን ሊነግረን ነው ይህን ሁሉ ባሕር ያቋረጠው?»

ኻዋጃው እስኪያነባ ሳቀ። ፊ ያልተቀጠረችበት ሥራ የለም አለ። ካርቱም ያለው ቧንቧ ሠሪ ወንድሙ የቧንቧውን ስፋት ይጽፍባታል፤ ስለ ማግኔት የሚመራመሩት የማግኔቱን ፍሰት ያመለክቱባታል፤ በአያቶቹ አቆጣጠር ደግሞ አምስት መቶ ናት። «ማን እንደጻፋት ካልጠየቅሽ፣ ምን እንደምትል አታውቂም» አላት።

ዓዲላ ይህን ለፈኪ ተረጎመችላቸው።

«ከኛ ሰርቀው ነው!» አሉ ፈኪ። «ቀ የምትባለዋን ሰርቀው!»

ኻዋጃው አልተቀየመም። የራሳቸውን ቁጥር እንዲጽፉለት ከሰሉን ሰጣቸው። ፈኪ ደረታቸውን ነፍተው ገበቴው ላይ ፩ ፪ ፫ ፬ ብለው ጻፉ። ኻዋጃው ከሥራቸው የራሱን አገር ፊደል ደረደረ፤ Α Β Γ Δ። አንድ በአንድ አባትና ልጅ መሰሉ፤ አባቱ የኻዋጃው፣ ልጁ የፈኪ።

ፈኪ አገጫቸውን አሹ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምንም አልወጣም።

ሲመለሱ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩም። ወፉ ጮኸ፣ ደመናው አለፈ፣ ድንጋዩ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ዓዲላ ያን የሚያህል ረጅም መንገድ በሕይወቷ ሄዳ አታውቅም።

መንጌ ሲደርሱ ሴቶቹ ወሬ ሲጠብቁ የተጫኑትን አህዮች ይዘው ካስማው ሥር ቆመዋል።

«ፈኪ፣ ምን ይላል?» አለች ኑራ።

ፈኪ ጣውላውን ትኩር ብለው አዩት።

«አላውቅም» አሉ።

ይሄኔ ነው ሽብር የመጣው። «እሱ ካላወቀው በጣም ክፉ ነገር ነው!» ብላ ኑራ የአህያዋን ገመድ ሳበች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ዓዲላ ፊታቸው ቆመች። ለሴቶቹ በቤታቸው ቋንቋ ማስረዳት ትችል ነበር። ግን ፈኪም ይሰሙ ዘንድ በአማርኛ ጮኸች።

«እሱ ልክ አንብቧል! ቀረ ነው! ጦሩ ሄደ፣ ፈኪ እዚህ ቀረ። እኛም እዚህ ቀረ። ኩርሙክ ጠይቄ መጣሁ፤ ማንም አይነቀልም፣ እዚህ ቀረ ነው የሚለው!»

ሴቶቹ ተያዩ። መጀመሪያ ኑራ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም። ከአህዮቹ ጀርባ ገበቴ ይወርድ ጀመር።

ፈኪ ቀስ ብለው ቀና አሉ። እጃቸው ወደ አገጫቸው ሄደ።

«ይሄማ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግልጽ ነው።»

ዓዲላ ገበቴዋን ውሃው ውስጥ ነከረች። ከሰሉ ለቀቀ፤ ፩ም አልፋም አንድ ላይ ወደ ታች ፈሰሱ። ከዚያ ቀና ብላ ከአጠገቧ ካለው ጥላ ሥር ያለውን ድንጋይ በመዳፏ ጠረገች።

«ይምጡ፣ ፈኪ» አለች። «እዚህ ይቀመጡ። ፀሐዩ ይጎዳዎታል።»