ስም የለሹ ጥብስ

በእኛ አገር ሰው ከምግቡ በፊት የሚቀምሰው ስሙን ነው። አታምኑኝም? በጾም ወቅት ኬክ ቤት ግቡ። «የጾም ነው?» ትላላችሁ፤ አስተናጋጁ «አዎ» ይላችኋል፤ አለቀ። ክሬሙ ወተት ወተት ቢል ኃጢአቱ የአስተናጋጁ ነው። እኔም እንዲሁ ስበላ ኖሬያለሁ። ችግሩ፣ ፈጣሪ ሆዴን ሲሠራ ከጎኑ የማታስተኛ ኅሊና ጨምሮብኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ጅቡቲ የሚመላለሰው ሾፌር፣ የባሌ ወንድም፣ በበረዶ የታሸገ ሽሪምፕ አመጣልን። ለማታውቁት፦ የባሕር ፍጥረት ነው፤ ጎባጣ፣ እግረ ብዙ፣ ጺማም። ክንፍና ቅርፊት የለውም። ክንፍና ቅርፊት የሌለው ነገር እንደማይበላ ደግሞ እንደኔ ቀራንዮ ሰፈር ያደገ ሁሉ ያውቃል። «ለልጄ ነው» ብዬ ራሴን ሸነገልኩና ልጣጩን መግፈፍ ጀመርኩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ነጭ ሽንኩርት ከትፎ በቅቤ ማቁላላት፣ ሽሪምፑን ጨምሮ ሮዝ እስኪመስል ማገላበጥ፣ ሎሚ ጠብ አድርጎ ማውጣት። ስልኬ ላይ አሠራሩን የምታሳየዋ ሴትዮ የሱቅ ቅቤ ብላ ነበር፤ እኔ ግን እናቴ የላከችልኝን፣ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበትን ንጥር ቅቤ ጣል አደረግሁበት። ስሕተቴ ይኸው ነው። የሱቅ ቅቤ ምስጢር ይጠብቃል፤ የአገር ቅቤ ግን አጥር ዘሎ ጎረቤት ይጠራል።

እትዬ ዘነበች ገቡ። የግቢያችን ታላቅ ናቸው፤ ቅዳሴ የማይቀርባቸው፣ ጾም የማይስቱ፣ የልጄ የክርስትና እናት። መጥበሻው ጠረጴዛ ላይ ነው። በገበታ ሰዓት የደረሰን ሰው እንብላ አለማለት ነውር፤ ይህንን እንብላ ማለት ኃጢአት። ሁለቱ ሲጋጩብን ደግሞ የምንመርጠው ኃጢአትን ነው፤ ኃጢአትን ጎረቤት አያወራውም።

«እንብላ» አልኩ።

ፈትፈት አድርገው ጎረሱ። ልጄንም አጎረሱ። ደገሙ። እኔ የቆረስኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩ። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቋትን ነፍስ እኔ በነጭ ሽንኩርት አጥምጄ ላጠፋት ነው? ሊሠልሱ ሲሉ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይሄ ነገር እኮ...»

እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ወደ ልጄ፣ ከዚያም ወደ እኔ አዩ።

«ሰብልዬ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቤሩት ሰው ቤት ስሠራ ስልጥ የኖርኩት ይሄንኑ ነው። ሽታውን ከደጅ ነው ያወቅሁት። ስሙን ከጠራሽብኝ ግን እጄን መሰብሰቤ ነው። አሁን ዝም በይና ሎሚውን አቀብዪኝ።»

አቀበልኳቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏችኋል ይህ ነው። መጥበሻውን በእንጀራ ጠርገው፣ አማትበው፣ መርቀውኝ ወጡ።

ትናንት በር ላይ አግኝተውኝ የባሌ ወንድም ከጅቡቲ መቼ እንደሚመለስ ጠየቁኝ። መንገዱ እንዲቃናለት መድኃኔዓለም ጧፍ እያበሩለት ነው። እኔ ከዚያ ገበታ የዋጥኩት ስሙን ብቻ ነው፤ እሱም እስካሁን አልተፈጨልኝም።