አቶ ሽባባው ጂፓቸውን ያቀኑበት ሐሙስ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ኀምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በወርኃ ኅዳር፣ ባለግርማው አቶ ሽባባው ጂፕ በገዙ በሦስተኛው ዓመት፣ የጂፒቱም የግራ ባሌስትራ በተሰበረ በስልሳኛው ቀን፣ በእንጅባራ ከተማ የሆነውን እንጽፋለን፤ ያየነውን ሳንቀንስ፣ ያላየነውንም በመጠኑ ጨምረን።

እኒህ አቶ ሽባባው፣ የድንች ነጋዴ፣ ድምፀ ነጎድጓድ፣ ሰፊሐ ከርሥ፣ ጂፒቱን ከሚስታቸው ቀጥለው ይወዷት ነበር፤ ሚስታቸው ወይዘሮ ማናለብሽ ግን ቅደም ተከተሉን ይጠራጠሩ ነበር። በእንቁጣጣሽ ሴት ልጅ ተወልዳላቸው፣ አማታቸው ወይዘሮ እህተማርያም አራስ ሊጠይቁ ከዳንግላ በጂፒቱ ሲመጡ፣ አዲስ ቅዳም የምትባለውን ከተማ እንዳለፉ ከሥሯ የሚሸከማት ባሌስትራ ተሰብሮ፣ ጂፒቱ ወደ ግራ አጋድላ ቦይ ገብታ፣ እኒያ የተከበሩ እመቤት ከነጃንጥላቸው ጭቃ ላይ ተቀመጡ። ወኮነ ዐቢይ ድንጋፄ። በሰው በቅሎም ወደ ዳንግላ ተመልሰው እንዲህ የሚል አዋጅ ላኩ፦

«ያች ጂፕ ቀጥ ብላ መሄድ እስክትማር እግሬን አላሳርፍባትም። በእግሬ እንዳልመጣም ጉልበቴ እምቢ ብሏል።»

ወይዘሮ ማናለብሽም ይህን ሰምተው በጓሮ በር ቆመው አወጁ፦

«እናቴ በሌለችበት ልጄ ክርስትና አትነሳም። ሰማንያ ቀኗ እሑድ፣ የኅዳር ጽዮን ዕለት ይሞላል። ካለፈ ለቄሱ መልስ የሚሰጠው የጂፒቱ ጌታ ነው።»

አቶ ሽባባው ፈረሰኛ ከበበዎት ቢሏቸው አይደነግጡም፤ የቄሱን ቁጣና የሚስታቸውን ዝምታ ግን ይፈሩ ነበር። ስለዚህ በኅዳር አሥራ ስምንት፣ ሐሙስ ማለዳ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ወጥተው አወጁ፦

«ዛሬ ባሌስትራው ይገባል። ሙያ ያለው ይከተለኝ፤ የሌለው ድንጋይ ይያዝልኝ።»

የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፤ በቀኛቸው ጎረቤታቸው ገበሬው አዝመራው፣ ቆሞ ጉልበቱን የሚያክ ባለረጅም ክንድ፤ በግራቸው ከደብረ ማርቆስ በጭነት መኪና የመጣ፣ በጆንያ የተጠቀለለ አዲስ ባሌስትራ፤ በስተኋላቸው የተዋሱት ክሪክ፣ አንድ ጣሳ ነጭ ጋዝና ሦስት ቁልፍ፤ በአጥሩ ማዶ ደግሞ ሊስቁ የመጡ አራት ፈረሰኞች ከነፈረሶቻቸው።

ወእምዝ በክሪኩ ጂፒቱን አንስተው፣ የዛገውን ብሎን ሦስት ሰዓት ከበቡት፤ ጋዝ አጠጡት፣ በመዶሻ መቱት፣ ለመኑት፣ ሰደቡት፣ በመጨረሻም እጁን ሰጠ። አዲሱ ባሌስትራ ገባ፤ ጂፒቱም በአራት እግሯ እኩል ቆመች። ይሁን እንጂ ቦዩ የፊት ጎማዎቹን አጣሞ ነበርና፣ ሁለቱን የሚያገናኘውን ብረት ፈትቶ ማቅናት ቀረ። ሕጉን ከአንድ ሾፌር ሰምተዋል፤ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ከጎማዎቹ በስተፊት ሲለካና ከእነዚያው በስተኋላ ሲለካ እኩል ከሆነ፣ ጎማው ቀና ነው።

የፊቱን ራሳቸው በክንዳቸው ለክተው ሁለት ክንድ ተኩል አገኙ። ለኋለኛው ግን መኪናው ሥር መግባት ያስፈልግ ነበር፤ ክብራቸው ሁሉ ወገባቸው ላይ ስለተሰበሰበ አልገባላቸውም። አዝመራው ገብቶ በራሱ ክንድ ለክቶ፣ እስኪገጥም ብረቱን አዙሮ፣ ሁለት ክንድ ተኩል መሆኑን አስታወቀ። አቶ ሽባባውም እኩል ነው ብለው አወጁ።

ሞተሩ ተነሣ። ሁለቱ ጎማዎች ግን እንደ ተጣላ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ተፋጠው፣ ጎማ እየሸተተ ጂፒቱ ግራና ቀኝ ዋለለችና የአዝመራው ድንች ማሳ ውስጥ ገባች። ፈረሰኞቹ ሳቁ፤ ከፈረሶቹም አንዱ እንደሳቀ ይነገራል። አቶ ሽባባው ድንቹ መሐል ቁጭ አሉ። እሑድን አሰቡ፣ ልጃቸውን አሰቡ፤ ድምፀ ነጎድጓዱ ሰው ያን ጊዜ የሚያውጁት አጡ። አንጀት ይበሉ ነበር።

ወይዘሮ ማናለብሽ ልጃቸውን አዝለው መጡ። የባላቸውን ክንድና የአዝመራውን ክንድ ጎን ለጎን አስያዙና የአዝመራው እንደሚረዝም አዩ። ከዚያ ለልጂቱ ማተብ የፈተሉትን ክር ከቀሚሳቸው አውጥተው፣ ከጎማ እስከ ጎማ በስተፊት ወጥረው በደረሰበት ቋጠሮ አሰሩበት፤ ያንኑ ክር ከኋላ ሲወጥሩት ቋጠሮው በአንድ ስንዝር አጠረ። አዋጃቸውም ይህ ነበር፦

«ከእንግዲህ አንድ መኪና በሁለት ሰው ክንድ አይለካም።»

ብረቱ ዞረ፣ ክሩ ተወጠረ፣ ዞረ፣ ተወጠረ፤ ቋጠሮው ከፊትም ከኋላም አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ ፀሐይ ልትጠልቅ ደርሳ ነበር።

ቅዳሜ ወይዘሮ እህተማርያም ዳንግላ ላይ አፉ ያልተከደነ የጠላ እንስራ ጭናቸው ላይ አቅፈው ተሳፈሩ፤ ጠብታ ብትፈስ ሊወርዱ ምለው። ከአዲስ ቅዳም ወዲህ አቶ ሽባባው ደስታ አሸንፏቸው መሪውን በሁለት እጃቸው ለቀቁት። ጂፒቱ ግራ ቀኝ ሳትል ቀጥ ብላ ሄደች፤ ጠላውም አልፈሰሰ። ወይዘሮዋም በእንጅባራ ደጃፍ ወርደው አወጁ፦

«ጂፒቱ ተምራለች። የቀረው ነጂው ነው።»

ወኮነ ዐቢይ ፍሥሓ። በማግስቱ ልጂቱ ክርስትና ተነሣች፤ ያ ክር፣ ቋጠሮው በግሪስ እንደጠቆረ፣ በአንገቷ ታሰረ።

እንግዲህ ክብር ለአቶ ሽባባው፣ ለመዋዔ ብሎን፣ ለአርታዔ ጎማ፣ ፈረሰኞች አቧራ ለሚያስነሡላቸው፤ ዝናቸው ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ቀጥ ብሎ ይሂድ። ልጃቸው ግን አድጋ ስለ ማተቧ በጠየቋት ቁጥር፣ ጥቁሯን ቋጠሮ በጣቷ ይዛ፣ አባቴን ያቀናው ይህ ነው ብላ ታውጃለች።