ስፓጌቲ ዘር ሲያስቆጥር

ዳምጠው ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ በምሳ ሰዓት ሕልም አየ። በምሳ ሰዓት ደግሞ ምን ሕልም አለ ትሉኝ ይሆናል። ለሌላው ሰው አይኖር ይሆናል፤ ለዳምጠው ግን አለ። የት ተኝቶ እንዳየው አሁን አልናገርም፤ ያሳፍራል፤ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳምጠው መርካቶ ጎማ የሚሸጥ፣ ዕድሜውን ሙሉ በእጁ ሲጎርስ የኖረ ጎልማሳ ነው። ምንትዋብን ሊያገባ ቆርጧል። አባቷ ጋሽ ይልቃል ግን «ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ልጁን ራሴ ልየው። እኔ ሰውን የማውቀው ሲበላ ነው» አሉ። ምንትዋብ ደግሞ፣ ይሁን ብላ፣ ፒያሳ ያለ የጣሊያን ምግብ ቤት መረጠችለት። እንግዲህ ዳምጠው ሳምንቱን ሙሉ የጫማ ክር ሳህን ላይ እየዘረገፈ በሹካ ሲጠቀልል ከረመ። እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

በሕልሙ ወደ ምግብ ቤቱ ሲገባ ሁሉ ነገር ተገልብጧል። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ምግቦቹ ናቸው። ፒዛው እግሩን አጣምሮ ጋዜጣ ያነባል። አስተናጋጆቹ ሰዎችን በትሪ ተሸክመው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ። አንድ ክራባት ያሰሩ የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ ከጎናቸው ሰላጣ ተደርጎላቸው በትሪ ሲያልፉ፣ «ትንሽ ሳልቀዘቅዝ አልቀረሁም» ሲሉ ሰማቸው።

«ማንን ፈልገህ ነው?» አለው በር ላይ የቆመው ሹካ።

«ላዛኛን።»

«እንዲህ ብቻህን? ሽማግሌዎችህስ?»

ዳምጠው ክው አለ። ደግነቱ አንድ የዘይት ጠርሙስ፣ አንድ የጨው ዕቃና አንድ የደረቀ ዳቦ ሥራ ፈትተው እዚያው ቆመው ነበርና ለመናቸው። እነሱም እሺ ብለው ተከትለውት ገቡ። ጥግ ላይ አቶ ስፓጌቲ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሳህናቸው ላይ ጉብ ብለዋል። ልጃቸው ላዛኛ በአይብ ተሸፋፍና ከጎናቸው አቀርቅራለች።

«አረፍ በሉ እንጂ» አሉ አቶ ስፓጌቲ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ዳቦው። ከሁሉም ዕድሜ ያለው እሱ ስለሆነ ንግግሩን የወሰደው እሱ ነው። «ልጃችን ዳምጠው ልጅዎን ላዛኛን ሊበላት ፈልጎ ነው የመጣነው።»

አቶ ስፓጌቲ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የእሳቸው ነገር ሁሉ ረጅም ነው።

«ዘሩን ይቁጠር» አሉ በመጨረሻ። «የማን ዘር እንደሆነ ለማላውቀው ሰው ልጄን አላስበላም።»

ዳምጠው ጉሮሮውን ጠረገ። «ዳምጠው ባንቲሁን… ባንቲሁን ውቤ… ውቤ ጀምበሬ…»

«የትኛው ጀምበሬ?» አቶ ስፓጌቲ ከሳህናቸው ብድግ አሉ። «ባለ ወፍጮው ጀምበሬ እንዳትለኝ ብቻ።»

«እሳቸው ናቸው።»

ፒዛው ጋዜጣውን አጠፈ። አቶ ስፓጌቲ ከላይ እስከ ታች ይንቀጠቀጡ ጀመር። «የእኔ አባት ዱቄት ነው፤ አያቴ ስንዴ ነው። አያቴን በድንጋይና በድንጋይ መካከል አስገብቶ የፈጨው ጀምበሬ ነው። በእኔና በአንተ መካከል ደም አለ!»

ላዛኛ አንገቷን ይበልጥ ደፋች። ዳምጠው ልትቀርበት እንደሆነ ገባው። ሌላ ዘዴ ቢያጣ ዳቦውን ብድግ አድርጎ ማጅራቱ ላይ ተሸከመና ተንበረከከ።

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ» አለ። «ድንጋይ ተሸክሜ መምጣት ነበረብኝ። ግን ድንጋይ ሲያዩ አያትዎ ትዝ ይሉዎታል ብዬ ዳቦ ተሸከምኩ።»

«እሱም ቢሆን ከድንጋይ አይሻልም» አለ የጨው ዕቃው በሹክሹክታ።

አቶ ስፓጌቲ ልባቸው ራራ። «አስተዋይ ልጅ ነው» አሉ። «ተነስ በቃ። እሳቸው ባይፈጩን ኖሮ እኛስ እዚህ መች እንደርስ ነበር? ዶሮ ለቅማን ነበር የምንቀረው። ልጄን ሰጥቼሃለሁ፤ ብላት።»

ዳምጠው በደስታ አለቀሰ። አቶ ስፓጌቲም ዕርቁን በጉርሻ ለማጽናት ከራሳቸው ላይ አንዱን ክር መዘዝ አድርገው አፉ ውስጥ ከተቱለት። ዳምጠው ሳበ። ክሩ አያልቅም። ጉርሻ ደግሞ አይመለስም፣ ነውር ነው። ሳበ፣ ሳበ። ክሩ ሱፍ ሱፍ ይል ጀመር።

«ዳምጠው!»

ዓይኑን ሲገልጥ የፒያሳው ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ፊት ለፊቱ፣ ከስፓጌቲው ሳህን ማዶ፣ ጋሽ ይልቃል ተቀምጠዋል። የጋሽ ይልቃል ሻርፕ ዘርፍ ሹካው ላይ ልቅም ተደርጎ ተጠቅልሏል፤ ሳምንቱን ሙሉ የተለማመደው እንዲህ አምሮ አልወጣለትም ነበር። ጫፉ አፉ ውስጥ ነው። ስሙን የጠራችው ምንትዋብ ፊቷን በሜኑው ሸፍናለች።

«ዘርህን ቁጠርልኝ ስልህ ዓይንህን ብትጨፍን፣ እያስታወስክ መስሎኝ ነበር» አሉ ጋሽ ይልቃል።

ዳምጠው ሻርፑን ከአፉ አወጣ። አለቀልኝ አለ በልቡ። «ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይቅርታ ያድርጉልኝ…»

«ሻርፑን ተወው።» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ቅድም በመጨረሻ የጠራኸው ጀምበሬን ነው። ባለ ወፍጮው ጀምበሬ ናቸው?»

«አዎ። የአያቴ የውቤ አባት።»

«ከወንዙ ማዶ የውሃ ወፍጮ የነበራቸው?»

«እሳቸው ናቸው።»

«የእናቴ አባት እኮ ናቸው» አሉ ጋሽ ይልቃል፤ እንባቸው ወረደ። «ውቤ አጎቴ ነው። በልጅነቱ ከቤት እንደወጣ የቀረ፣ እናቴ እንዳለቀሰችለት ሞተች። አንተ የውቤ የልጅ ልጅ ነህ!»

ምንትዋብ ሜኑውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ከጠረጴዛው ሥር በጣቷ ትውልዱን ስትቆጥር ዳምጠው አያት። ሰባት ቤት ሊሞላ ቀርቶ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ጣቷ ቆመ።

ጋሽ ይልቃል ተነስተው አቀፉት፤ ግራና ቀኝ ጉንጩን ሳሙት። «አማች ልይ ብዬ መጥቼ ሥጋዬን አገኘሁ» አሉ። ከዚያም ሹካውን ገፋ አድርገው ስፓጌቲውን በእጃቸው ጠቀለሉና ወደ አፉ አስጠጉለት።

«ጉረስ፣ የአጎቴ የልጅ ልጅ።»

ዳምጠው ምንትዋብን አየ። ምንትዋብ ዓይኗን መለሰች። ጉርሻ አይመለስምና አፉን ከፈተ።