ተቋሙና ካርቶኑ

ሕግ የሚያውቅ ጎረቤት አላችሁ? እኛ ልደታ ኮንዶሚኒየም ጋሽ ተሰማ አሉን። እማማ ዘነበች እንቁላል ለታቀፈች ዶሯቸው ግቢው ጥግ በካርቶንና በቆርቆሮ ቤት ሠርተዋል። አንድ ቀን ሳልፍ ቆርቆሮውን በእግሬ ብነካው፣ ጋሽ ተሰማ ከበረንዳቸው ሆነው «አንቺ ልጅ፣ ይህ የእርባታ ተቋም ነው፤ ማፍረስ ያሳስራል» አሉኝ። ለዶሮ እንዲህ ያለ ጠበቃ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቅዳሜ ጋሽ ተሰማ ራሳቸው መኪናቸውን ወደ ኋላ ሲነዱ ተቋሙን ገጭተው ጣሪያውን ጣሉት። ዝናቡ መጥቷል፤ ዶሮዋ ከነእንቁላሏ ሜዳ ላይ ቀረች።

«ጋሼ፣ ስንት ዓመት ያሳስራል?» አልኳቸው።

«ምኑ? ካርቶን እኮ ነው።»

እማማ ዘነበች ዶሮዋን በነጠላቸው ከልለው ቀና አሉ። «እንግዲያው አቶ ተሰማ፣ ካርቶኑን ይተኩልኝ። ተቋሙን ይቅር ብያለሁ።»