እትዬ ብሎንና የእኔ ጉልበት

ሆስፒታል የገባ ሰው ሁሉ፣ የእሱን በሽታ ቀድሞ የታመመ ሰው አጠገቡ ተኝቶ ያገኛል። እርስዎ አንድ ቦታ ከተሰበሩ እሱ ሦስት ቦታ ተሰብሯል። እርስዎ ሌሊቱን ካልተኙ እሱ ከነጭራሹ እንቅልፍ የሚባል አያውቅም። «አይዞዎት» ከማለቱ በፊት «ይቺማ ምን አላት!» ይልዎታል።

ለእኔ የደረሰችኝ ክብርት እትዬ ብሎን ናት። ስሙን ያወጡላት ነርሶቹ ናቸው፤ እሷም እንደ ሹመት ተቀብላዋለች።

ከቤቴ ደረጃ ወድቄ ቅልጥሜ ልክ ጉልበቴ ሥር ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ ከፍቶ አጥንቱን ሰብስቦ፣ ብረት አስደግፎ በብሎን አጠበቀልኝ። ከማደንዘዣው ስነቃ አፌ ደርቋል፤ ውሃ የሚለኝ ግን የለም። ከጎኔ ካለው አልጋ የሰማሁት ይህን ነው፦

«ስንት ብሎን ገባልሽ?»

«እኔ እንጃ።»

«የገዛ እግርሽ አይደለም እንዴ? እኔ ዘጠኝ አለኝ!»

ራጇን ትራሷ ሥር ነው የምታስቀምጠው። ወንድሜ ሊጠይቀኝ ብርቱካን ይዞ ቢመጣ፣ መስኮቱ ጋ አቁማ ራጇን በብርሃን አሳየችው። «ይቺን ረጅሟን አየሃት? ቀጥ አድርጋ የያዘችኝ እሷ ናት።» ወንድሜ እየተገረመ ወጣ፤ ብርቱካኑንም እሷው አልጋ ላይ ረስቶት ሄደ። ሐኪሙ ተማሪዎቹን አስከትሎ ሲመጣ ደግሞ እሷ ናት የምታስረዳቸው። እሱም «ይጨርሱና እኔ እቀጥላለሁ» ብሎ ይቆማል።

እኔን ግን የገደለችኝ በአንዲት ቃል ነው፤ «እጠፊ!» ስበላ «እጠፊ!» ሳዛጋ «እጠፊ!» ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ ጠብቃ «ሲጸለይም እኮ ይታጠፋል» ትለኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ «እማማ፣ ለጊዜው አይርገጡበት፤ ጉልበትዎን ግን ያጥፉት፣ ይዘርጉት» ብሎኛል። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ ሁለተኛውን ተውኩት። ብረት የገባበትን እግር ማን ደፍሮ ያጥፋል? ብሎኖቹ አንድ በአንድ ተፈናጥረው የሚወጡ ነው የመሰለኝ።

ልጄ መጥታ ፈርዳብኝ ሄደች። «እማዬ፣ ካልታጠፈልሽ ያን ደረጃ አትወጪውም። እኔ ጋ ትኖሪያለሽ፣ በቃ።» የልጄ ቤት ምን ይወጣለታል? ባሏም የተባረከ ነው። የእኔ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለው፤ አልጋዬና መስኮቴ እዚያ ናቸው። በልብስ ማስጫ ገመድ የምንጣላ አንዲት ጎረቤት ከታች አለችኝ። ሆስፒታል ተኝቼ እሷ እንኳን ናፈቀችኝ።

አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ብሎን ገና አፌን ሳልፈታ «እጠፊ!» ስትለኝ ደሜ ፈላ።

«አንቺስ? የራስሽ እግር እንደ መጥረጊያ እንጨት ተገትሮ የሰው ታሳጥፊያለሽ!»

ራጇን አወጣች፤ ሳታሳየኝ መልሳ አስቀመጠችው።

«ያኔ አትርገጪ ሲሉኝ አታንቀሳቅሺ ያሉኝ መስሎኝ፣ እንደ ሕፃን አቅፌው ተኛሁ» አለች። «አጥንቱ ገጠመ፤ ጉልበቴ ደርቆ ቀረ። አሁን የገባሁት እሱን ለማስፈታት ነው። ይኸው ፈትተውልኛል። ዛሬም ግን ማጠፍ እፈራለሁ።»

«ታዲያ እኔን ለምን ትነዘንዢኛለሽ?»

«ያንቺ ሲታጠፍ አይቼ እንድደፍር ነዋ!»

ምን ይባላል? ሁለታችንም ፎጣ በውስጥ እግራችን አዙረን ጫፍና ጫፉን ያዝን። «በይ አብረን» አልኳት። ስበን ስንጮህ ነርሷ ሮጣ መጣች።

«ምን ሆናችሁ?»

«እየታጠፍን ነው!» አለች እትዬ ብሎን፣ እንባዋ እየወረደ።

ከወራት በኋላ፣ መርገጥ ሲፈቀድልኝ፣ ደረጃዬን ወጣሁት። ልጄ የሚወድቅ ብርጭቆ እንደሚቀልብ ሰው እጇን ዘርግታ ከኋላ ከኋላዬ ስትከተለኝ፣ የደረጃውን ድጋፍ ይዤ በራሴ እግር ቤቴ ገባሁ። መስኮቴን ከፈትኩ። ከታች ያለችው ጎረቤቴ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ብላ ገመዱን ለቀቀችልኝ። ይኸው ጠቡም ቀረ። ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ጉልበቴ እንደ ድሮው ይታጠፋል፤ የሚያይልኝ ግን የለም። ሻይ አፍልቼ አንዳንዴ ሁለት ብርጭቆ አቀርባለሁ።

እትዬ ብሎን ከተማው ዳር ነው የምትኖረው። የምንገናኘው በቀጠሮ ቀን፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው።

ባለፈው ሐኪሙ አገላብጦ አየኝና «እማማ፣ በደንብ ገጥሟል። ከእንግዲህ መመላለስ አያስፈልግዎትም» አለኝ።

«ያመኛል» አልኩ።

«የቱ ጋ?»

ደፍሬ አንድ ቦታ ጠቆምኩ። ተጫነው። ዘግይቶ ትዝ ሲለኝ «ወይኔ!» አልኩ። ሌላ ቦታ ተጫነ፤ እዚያም «ወይኔ!» አልኩ። ብዕሩን አነሳ።

«እሺ፣ መቼ ልቅጠርዎት?»

«እትዬ ብሎን የምትመጣበት ቀን ይሁንልኝ።»

ብዕሩን አስቀምጦ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ የሚያምዎት የቱ ጋ ነው?»

«ቤቴ ስገባ ነው» አልኩት።