የማይካፈለው ዓመተ ዓለም

ቁጥር አስፈርቷችሁ ያውቃል? እኔን አስፈርቶኛል፤ ያውም ሰቆጣ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ። ያስፈራኝም ሰባት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ሰባት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ አያ ኪሮስ፣ ሚስታቸው ታመው አልጋ ሲይዙ ተሳሉ። ብትድንልኝ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ስግደት እሰግዳለሁ አሉ። ሰው ሲጨንቀው መቼ ያሰላል? ሚስትየው ዳኑ። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ነበር፤ አምስት ሺህ አምስት መቶው ዓመተ ፍዳ ሲጨመርበት ያ የነገርኳችሁ ቁጥር ሆነ። የአጎቴ ጉልበት ደግሞ ካስቸገራቸው ቆይቷል። ስለታቸውን ሳያደርሱ እንዳይሞቱ ፈሩ፤ እኛም ፈራንላቸው።

የነፍስ አባታቸው ዘመድ እንዲያግዛቸው ፈቀዱ። ግን እኩል ይሁን አሉ፤ አንዱ በአንዲት ስግደት ቢበልጥ እሱ ይታበያል፣ ሌላው ይሰንፋል። ቀላል መስሎኝ እኔ አካፍላለሁ አልኩ።

ለሰባት ባካፍለው ሁለት ተረፈ። ከደሃና ወረዳ አንድ የአክስት ልጅ አስመጥተን ስምንት ሆንን፤ አንድ ተረፈ። አስራ አንድ ስንሆን ይባስ ብሎ አስር ተረፈ። የአጎቴን የጽዋ ማኅበር ሰዎች ለምነን አስራ ዘጠኝ ሞላን፤ ዘጠኝ ተረፈ። በየእሁዱ አጎቴ ቤት እየተሰበሰብን ጠላቸውን እየጠጣን እናካፍላለን። የነፍስ አባት ግን ደስ ብሏቸዋል። እሳቸው ዓመተ ዓለምን ለአራት አካፍለው የዓመቱን ወንጌላዊ የሚያውቁት ከቀሪው ነዋ፤ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ ነው። ቀሪ ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይበራል።

አንድ ቀን ባዶ ክፍል ገብቼ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁሉንም አካፋይ ሞከርኩ። ሰማንያ ሦስት ላይ ቆምኩ። ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ ትልቅ አካፋይ ቢኖረው ኖሮ አብሮት የሚባዛው ትንሹ ጓደኛው ቀድሞ በተገኘ ነበር። የለም። ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር ነው። ወይ አንድ ሰው ሁሉንም ይሰግደዋል፣ ወይ ያን ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ አንድ አንድ ጊዜ ይሰግዳል።

ጠመኔውን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ብቸኛ ቁጥሮች መሆናቸው አስደንቆኝ አያውቅም፤ ትናንሾች ናቸዋ። ይሄኛው ግን ከአዳም ጀምሮ ያለውን ዘመን ሁሉ ይዞ አንድ ስንጥቅ የለበትም። ማን እንዲህ አድርጎ ሠራው? እኔ ሳልወለድም፣ ሰቆጣም ሳትቆረቆር እንዲሁ ነበረ። አማተብኩ።

መስከረም ጠባ። ዘመነ ማርቆስ ገባ ተብሎ ታወጀ። እኔም ወዲያው አሰላሁት፤ ስለቱ ሳይደርስ አዲስ ዓመት ስለገባ አንድ ስግደት ሲጨመር ለስድስት ሰው እኩል ይካፈላል፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ሦስት። እየሮጥኩ ሄጄ ለአጎቴ ነገርኳቸው።

አያ ኪሮስ ረጋ ብለው ሰሙኝ። እናንተ ስታካፍሉ እኔ በየማለዳው ምርኩዜን ይዤ ጥቂት ጥቂት ስሰግድ ከርሜ በጳጉሜን ጨረስኩት አሉ። ታዲያ ለምን አልነገሩንም አልኳቸው። ተሰብስባችሁ ስትጨነቁልኝ ደስ ይለኝ ነበር አሉ።

ከዚያ ትክ ብለው አዩኝ።

«አዲሱ ዓመት ያመጣት አንዲቷ ስግደት ቀርታለች» አሉኝ። «እሷን ለስድስት ተካፈሉልኝ።»