መሪጌታ ድምፃቸውን በክርስትና ስሜ ቆልፈውት

ዛሬ ሞላሌ ገበያ ወጥቼ የደረሰብኝን ስትሰሙ «አስካለ ለየላት» ትላላችሁ። በሉ፣ አልቀየምም!

ነገሩ የገባኝ ጌታነህ እጁን ከላፕቶፔ ላይ ሲያነሣ ነው።

ጌታነህ የኮምፒውተር ቤቱ ባለቤት ነው፤ ሲሠራ እጁ አያርፍም። ዛሬ ግን አንዴ ላፕቶፑን፣ አንዴ እኔን ያያል። ከዚያ ቀስ ብሎ «እትዬ አስካለ፣ ይሄ ፎልደር ፓስዎርድ ነበረው እንዴ?» አለኝ።

«ነበረው እንጂ!» አልኩት።

ባለቤቴ መሪጌታ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ድምፃቸው ያለው እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። ልጃችን ከደብረ ብርሃን ያመጣችላቸው ነው፤ ዜማቸውን እየቀዱ ያስቀምጡበት ነበር። የጎረቤት ልጆች ፊልም እናያለን እያሉ ሲነካኩባቸው ጊዜ ፎልደሩን ቆለፉት። «ቁልፉ የክርስትና ስምሽ ነው፤ ሰው ፊት እንዳትጠሪው» አሉኝ።

ታዲያ ላፕቶፑ መንቀራፈፍ ሲያበዛ ጌታነህ «ዊንዶውሱ አርጅቷል፣ አዲስ ልጫንበት» አለኝ። ጫንበት አልኩት። እንደ ጣሪያ ክዳን መስሎኝ! አሮጌው ይነሳል፣ አዲስ የጓሳ ሣር ይከደናል፣ ከሥር ቤቱ ያው ቤት ነው።

«ፓስዎርዱን ይንገሩኝ» አለ።

ጉድ በሉ! የክርስትና ስም በገበያ ቀን ይጠራል? መተተኛ ቢሰማስ?

ለዚያውም አጠገቤ ጎረቤቴ ደብሪቱ ተቀምጣለች፣ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ መጥታ። ደብሪቱ የአንድ ለአምስታችን መሪ ናት። እሷ የሰማችውን ቀበሌው በሙሉ ይሰበሰብበታል።

በጌታነህ ጆሮ ሹክ አልኩት።

«ወለተ ማን?!» ብሎ ጮኸ።

ሰውዬው ደንቆሮ ነው እንዴ?

ደግሜ ሹክ አልኩት። በእንግሊዝ ፊደል ጻፈው። እምቢ!

«የአማርኛ መጻፊያው ከድሮው ዊንዶውስ ጋር ሄዷል። መሪጌታ በአማርኛ ነው የጻፉት መሰለኝ» አለና መጻፊያውን ፈልጎ ጫነው። እኔ በሆዴ የማውቀውን ታቦት ሁሉ እየጠራሁ ስለት እሳላለሁ።

«አሁን እንጠንቀቅ፣ እትዬ። የቀረን ሁለት ሙከራ ነው። ከሳትነው ጥርቅም ይላል፤ እኔም አልከፍተውም። ለመሆኑ በየትኛው ስ ነው የሚጻፈው?»

በየትኛው?! እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ስ ስ ነው! መሪጌታ የጻፍኩትን ባዩ ቁጥር «አንቺ፣ ዛሬም ንጉሡን ሠ ከዙፋኑ አወረድሽው?» እያሉ ሲስቁብኝ ነው የኖሩት።

ለነፍስ አባቴ ደወልኩ። በለሆሳስ ይነግሩኛል ብዬ። ስልኬ ለካ ስፒከር ላይ ነው!

«በንጉሡ ሠ ነዋ፣ ልጄ! የገዛ ስምሽን አታውቂውም?» ብለው ስሜን ከነወለተው ሱቁ ውስጥ አስተጋቡት። የቤተ መቅደስ ድምፅ ነው ያላቸው፣ ታውቃላችሁ።

ደብሪቱ «እሰይ፣ ደስ የሚል ስም ነው» አለች።

ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ!

ጌታነህ በንጉሡ ሠ ጻፈው።

እምቢ።

ላቤ በዚያ ብርድ ችፍ አለ። ለልጆቼም ለተማሪዎቻቸውም «በሙት ዓመታቸው ድምፃቸውን አሰማችኋለሁ» ብያለሁ። ለእነሱስ ይቅር፣ እኔስ? ድምፃቸው ከጆሮዬ እየራቀ ነው፤ ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

መሪጌታ ደግሞ ፊደል አይስቱም። በሕልማቸው እንኳ አይስቱም!

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፎልደሩን የቆለፉ ዕለት «ብቻሽን ስትሆኚ አንቺው እንድትከፍቺው ነው» ብለውኝ ነበር።

እኔ እንድከፍተው።

እኔ!

«ተነሣ ጌታነህ፣ እኔ ልጻፈው» አልኩት። «እትዬ፣ የመጨረሻው ነው» አለኝ። ተነሣ አልኩህ!

በአንድ ጣት እየለቀምኩ፣ ዕድሜ ልኬን እንደምጽፈው፣ ከነስሕተቱ ጻፍኩት።

ተከፈተ!!!

ያን ሁሉ ዘመን ሲያርሙኝ የኖሩት ሰው፣ ለእኔ ብለው ንጉሡን ሠ በገዛ እጃቸው ከዙፋኑ አውርደውታል።

ጌታነህ የመጀመሪያውን ፋይል ነካው። ዜማ ሊመጣ ነው ብለን ደብሪቱ እንኳ ነጠላዋን አስተካከለች። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያስ?

«አስካለ! ኧረ በሩን ዝጊው፣ አንቺ ሴት! ብርዱ ሊገድለኝ ነው!»

ብድግ ብዬ የኮምፒውተር ቤቱን በር ጓ አድርጌ ዘጋሁት።

ሊገባ አንድ እግሩን አንሥቶ የነበረ ደንበኛ ውጭ ቀረ። ጌታነህ በሳቅ ወንበሩ ላይ ተጠቀለለ። ደብሪቱ ግን እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ የእኔንም ጨምራ።

አሁን ቤቴ ገብቻለሁ። ድምፃቸው ፍላሽ ላይ ተገልብጧል፤ ፍላሹ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ታስሯል። አልጠፋም። ደህና ነኝ።

ስሙን ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልነግራችሁም! ይኸው ይሄን ሁሉ ጽፌ እንኳ አላወጣሁትም። «ወለተ» ይላል፣ ቀጥሎ በንጉሡ ሠ ይጀምርና...

ቆይ፣ አወቃችሁት እንዴ?